ፍሮንት ኤንድ እና ባክ ኤንድ፦ ሥራው ለሁለት፣ አማናው የጋራ



የተከበራችሁ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ የፕሮጀክት ግሩፕ የሚመሠረትበት ወቅት ደርሷል። የኮምፒውተር ሳይንስ፣ የኢንፎርሜሽን ሲስተምና የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪዎች በየዶርሙ «አንተ ፍሮንቱን ያዝ፣ እኔ ባኩን እይዛለሁ» እየተባባሉ ነው። ክፍፍሉ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ወር ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ግን ሌላ ንግግር ይሰማል። «የኔ ይሠራል፣ ያበላሸኸው አንተ ነህ።» «አንቺ የሠራሽው ቀለም መቀባት ነው።» «አንተ የሠራኸውን ማን ያየዋል?» አብረው የሚበሉ፣ አብረው የሚሰግዱ ጓደኛሞች በዲፌንስ ማግስት ሰላም ሳይባባሉ የሚተላለፉት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ እትም ሁለቱ ሙያዎች ምን እንደሆኑ፣ አንዱ ያለ ሌላው ለምን እንደማይቆም፣ ሥራውስ በምን መንገድ ቢከፋፈል መከባበር እንደሚኖር እናብራራለን። ጽሑፉ ኮድ ለማይጽፉ ወገኖቻችንም ጭምር ነው። የባንክ አፕ የሚከፍት ሰው ሁሉ ገንዘቡንና ስሙን ለእነዚህ ሁለት ባለሙያዎች በአደራ ሰጥቷልና።

ሁለቱ ሙያዎች ምንድን ናቸው?

ሁላችንም የምናውቀውን ቴሌብርን እንውሰድ። ኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎቱን የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም ነው። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ተማሪ በስማርት ስልኩ አፑን ከፍቶ ለእናቱ ብር ይልካል እንበል። እናቱ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ሆነው በተራ ስልካቸው *127# ብለው ብሩ መግባቱን ያረጋግጣሉ። ልጁ ስልክ ላይ ሥዕልና ቀለም፣ የሚነካ ቁልፍ አለ። እናቱ ስልክ ላይ ደግሞ ቁጥር የተሰጣቸው አጫጭር መስመሮች ብቻ ናቸው። መልኩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሂሳቡ ግን አንድ ነው።

ፍሮንት ኤንድ የሚባለው ያ መልክ ነው። ተጠቃሚው የሚያየው፣ የሚያነበው፣ የሚነካው፣ ሲሳሳት የሚታረምበት ክፍል ሁሉ የዚህ ሙያ ድርሻ ነው። በድረ ገጽ ሥራ ላይ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት መሣሪያዎቹ ናቸው። ባክ ኤንድ የሚባለው ደግሞ ከዚያ መልክ ጀርባ ያለው ነው። ጥያቄውን ይቀበላል፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ ያጣራል፣ ፈቃድ እንዳለው ያያል፣ ያሰላል፣ በዳታቤዝ ይመዘግባል፣ መልስ ይሰጣል። አንድ ባክ ኤንድ ከላይ እንዳየነው ሁለት፣ ከዚያም በላይ መልክ ሊኖረው ይችላል።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ኤፒአይ ይባላል። ኤፒአይን እንደ ሬጅስትራር መስኮት አስቡት። መስኮቱ ላይ «ለዚህ ጉዳይ ይህን ፎርም፣ ይህን መታወቂያ ይዛችሁ ቅረቡ» የሚል ማስታወቂያ ከተለጠፈ ተማሪው አንዴ ተሰልፎ ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል። ካልተለጠፈ ሦስት ጊዜ ይሰለፋል፤ ከውስጥ ያለው ሠራተኛና ከውጭ ያለው ተማሪም ይጨቃጨቃሉ። በግሩፕ ሥራ ውስጥ የሚነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው ማስታወቂያው ያልተለጠፈበት መስኮት ጭቅጭቅ ነው።

ክፍፍሉ ከመጀመሪያው የነበረ እንዳልሆነም ማወቅ ይጠቅማል። ቲም በርነርስ ሊ በ1990 እ.ኤ.አ የመጀመሪያውን የድር ሰርቨር እና የመጀመሪያውን ብራውዘር የጻፈው ራሱ ነው። በኋላም ለብዙ ዓመታት «ዌብማስተር» የሚባል አንድ ሰው ሁሉንም ይሠራ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ ጃቫስክሪፕት መጣና ገጹ በብራውዘሩ ውስጥ ብዙ መሥራት ጀመረ፤ ሥራው ሲሰፋ ሙያው ለሁለት ተከፈለ። በ2009 እ.ኤ.አ ኖድ ሲመጣ ደግሞ ያው ጃቫስክሪፕት ወደ ሰርቨሩ ገባ። እንግዲህ በመካከላቸው ያለው ድንበር የሥራ ብዛት ያመጣው ነው፤ አንዱን የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርግ ማዕረግ አይደለም።

መጋቢት 2016 ያሳየን ነገር

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም የሆነውን የማያስታውስ ተማሪ የለም። ረመዷን ከገባ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ብር ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ከካምፓስ ወደ ካምፓስ በስልክ ተዳረሰ፤ ሌሊቱን በኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ ግብይቱን እስኪያቆም ድረስ ሰዓታት አለፉ። በእነዚያ ሰዓታት ወደ 490 ሺህ የሚጠጉ ግብይቶች እንደተካሄዱ፣ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደነበር የባንኩ ኃላፊዎች ገለጹ። ጎደለ የተባለው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ይደርስ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ተመለሰ።

እንደ ተጠቃሚ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ስህተቱ የማንም ይሁን የማን፣ የወጣው ብር የሰው ገንዘብ ነው፤ ማሽኑ ፈቀደ ማለት ባለቤቱ ፈቀደ ማለት አይደለም። እንደ ባለሙያ ግን ሌላ ትምህርት አለው። በዚያች ሌሊት ደንበኛው ፊት ያለው ነገር ሁሉ እንደ ወትሮው ነበር። ስክሪኑ ይበራል፣ ቁልፉ ይሠራል፣ ማሽኑ ብር ይቆጥራል። ያልሠራው «ይህ ሰው ይህን ያህል ብር አለው ወይ?» የሚለው የማይታይ ጥያቄ ነው። አንድ ጥያቄ ለጥቂት ሰዓታት ሳይጠየቅ በመቅረቱ የሀገሪቱ ትልቁ ባንክ ተናጋ። «ባክ ኤንድ ምን ይታያል?» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

ይህ ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ቢጠየቅስ? አይበቃም። ምክንያቱም ስክሪኑ በተጠቃሚው እጅ ነው። በብራውዘሩ ውስጥ የገንቢዎች መሣሪያ የሚባለውን የከፈተ ማንኛውም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከፊት ያለውን ፍተሻ ማጥፋት፣ ቁጥሩን መቀየር ይችላል። ስለዚህ በሙያው ውስጥ የታወቀ ሕግ አለ። ከፊት የሚደረግ ፍተሻ ለተጠቃሚው አክብሮት ነው፤ ስህተቱን ቶሎ አይቶ እንዲያርም ይረዳዋል። ከጀርባ የሚደረግ ፍተሻ ደግሞ ዘብ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። «ፍሮንቱ ፈትሾታል» ብሎ የተወ ባክ ኤንድ አማናውን አልተወጣም፤ «ባኩ ይፈትሸዋል» ብሎ ተጠቃሚውን ያንገላታ ፍሮንት ኤንድም እንዲሁ።

ነገሩን በሌላው ጎንም እንየው። ሰርቨር ሲቆም ከሰው ጋር የሚነጋገረው ፍሮንት ኤንድ ብቻ ነው። ብር ልከን ስክሪኑ ዝም ቢል ልባችን ይሸበራል፤ ደግመን እንልካለን፤ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ውጤቱን እስክናሳውቅዎ ድረስ ደግመው አይላኩ» የሚል አንድ መስመር ስንት ሰው ያድናል። ያንን መስመር በትክክለኛው ሰዓት፣ ለአያትም ለልጅም በሚገባ አማርኛ መጻፍ ቀለም መቀባት አይደለም።

ስማችን፣ ስልካችን፣ ቀናችን

የእኛ ሀገር ሶፍትዌር ሁለቱ ባለሙያዎች ካልተነጋገሩ የሚሰበርባቸው የራሱ ቦታዎች አሉት። ከውጭ በምናያቸው ትምህርቶች ውስጥ ስለማይነሡ አራቱን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ስም ነው። ሐሰን ብሎ የተመዘገበ ተማሪ ሀሰን ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሐ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰዒድና ሠዒድ፣ ዐሊና አሊ፣ ሙሐመድና ሙሀመድም እንዲሁ። መፍትሔው ተካፍሎ የሚሠራ ነው። ባክ ኤንዱ ባለቤቱ የጻፈውን ስም ሳይነካ ያስቀምጣል፤ ለፍለጋ ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ሌላ ቅጂ ይይዛል። ፍሮንት ኤንዱ ሁልጊዜ ባለቤቱ እንደጻፈው ያሳያል። ዳታቤዙ ዩኒኮድ እንዲቀበል ካልተዘጋጀ ደግሞ ከፊት አምሮ የተጻፈው ስም የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይመለሳል። «ላስት ኔም» የሚለው ሣጥንም አለ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ሦስት ሣጥን ይሁን አንድ ረጅም ሣጥን የሚለውን ሁለቱ አብረው ካልወሰኑ አንዱ ለሁለት የሠራውን ሌላው ለሦስት ይጠብቃል።

ሁለተኛው ስልክ ቁጥር ነው። አንዱ በ09 ይጽፋል፣ ሌላው በ+2519፣ ሌላው በ9 ብቻ ይጀምራል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ በይፋ ሥራ ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። በ09 ካልጀመረ አልቀበልም የሚል ፎርም እነዚህን ሁሉ ሰዎች በሩ ላይ መለሳቸው ማለት ነው። ፍሮንት ኤንዱ ሰው በለመደው መንገድ እንዲጽፍ ይፍቀድ፤ ባክ ኤንዱ ሁሉንም ወደ አንድ ቅርጽ አምጥቶ ያስቀምጥ። ሕጉ ሲቀየር ሁለቱም ጋ መቀየሩን የሚያረጋግጥ ሰው ይኑር።

ሦስተኛው ቀንና ሰዓት ነው። እኛ 13 ወር አለን፤ ቀኑን ከጠዋት እንቆጥራለን፤ ለዒባዳችን ደግሞ የሂጅራውን አቆጣጠር እንከተላለን። የኢፍጧር ሰዓት በእኛ አቆጣጠር 12 ተኩል ቢሆን ሰርቨሩ 18:30 ይለዋል። ፍሮንት ኤንዱ 6 ሰዓት ቀንሶ 12:30 ብሎ ማሳየት አለበት። ባክ ኤንዱ ግን «ልርዳው» ብሎ አስቀድሞ ከቀነሰ፣ ፍሮንት ኤንዱም ሲቀንስ ሰዓቱ 6:30 ይሆናል። ሁለት ቅን ሰዎች፣ ሁለት ትክክለኛ ስሌት፣ አንድ የተሳሳተ ኢፍጧር! ስምምነቱ ቀላል ነው። ባክ ኤንዱ አንድ ዓለም አቀፍ አቆጣጠር ብቻ ይያዝ፤ ወደ ሀገራችን አቆጣጠር መመለስ የፍሮንት ኤንዱ ሥራ ይሁን። መጻፉ ግን ግድ ነው።

አራተኛው ኔትወርክ ነው። ከደብረ ብርሃን ሜዳ ተነሥቶ በአንኮበር በኩል ቁልቁል የወረደ ሰው ተራራው ሲግናሉን ሲከልልበት ያውቀዋል። ባክ ኤንዱ 20 ስም ለሚበቃው ገጽ 2,000 ስም ከላከ፣ ፍሮንት ኤንዱም ከካሜራ እንደወጣ ያለ ትልቅ ፎቶ ከጫነ፣ ገጹ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይበራል፤ እዚያ ገደል ሥር ግን አይከፈትም። ሰውየው ምላሽ ሲያጣ ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። እዚህ ላይ ሁለቱም ሥራ አላቸው። ፍሮንት ኤንዱ አንዴ የተነካውን ቁልፍ መልስ እስኪመጣ ይቆልፋል፤ ባክ ኤንዱ ደግሞ ያው ጥያቄ ሁለቴ ቢደርሰው አንዴ ብቻ ይፈጽማል። አንዱ ብቻ ቢሠራ ቀዳዳው አይደፈንም።

ድርና ማግ

በዚሁ በአንኮበር ቁልቁለት ባሉት የአርጎባ መንደሮች ሽመና የቆየ ሙያ ነው። በመንዝ በኩልም ከበግ ፀጉር ባና ይሠራል። በሁለቱም ዘንድ ጨርቁ ከአንድ ሰው እጅ አይወጣም። አንዷ በእንዝርት ትፈትላለች፣ ሌላው ይሸምናል። ድር የሚሆነው ክር ተወጥሮ ስለሚሠራበት ጠንክሮ መከረር አለበት፤ ማግ የሚሆነው ሊለሰልስ ይችላል። ፈታይዋ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ካላወቀች ሸማኔው ድሩ እየተበጠሰበት ሲቀጥል ይውላል። ገበያ ላይ የሚመሰገነው ጥለቱ ነው፤ ጋቢውን ዓመታት የሚያቆየው ግን ፈትሉ ነው። ሸማኔው ፈታይዋን ቢንቅ መጀመሪያ የሚጎዳው የራሱ እጅ ሥራ ነው።

የሶፍትዌር ግሩፕም ከዚህ አይለይም። ክሩ ምን ዓይነት እንዲሆን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። በምሳሌ እንየው። አንድ ግሩፕ ለረመዷን የኢፍጧር ምዝገባ ገጽ ሊሠራ ተነሣ እንበል። ኮድ ከመጻፉ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚከተለውን ይጻፍ።

በመጀመሪያ፣ ከፊት ወደ ጀርባ የሚላከው ምንድን ነው? ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክና ብሎክ። የትኛው ግዴታ፣ የትኛው እንደ ፍላጎት እንደሆነ ይለይ። ለእያንዳንዱ አንድ ስም ይሰጠው፤ አንዱ «ስልክ» ሌላው «ስልክ ቁጥር» እያለ ቢጠራው ኮምፒውተሩ አይገባውም።

ቀጥሎ፣ ሲሳካ ምን ይመለሳል? የምዝገባ ቁጥርና የተመዘገበበት ሰዓት።

ከዚያ ብዙ ግሩፖች የሚዘሉት ክፍል ይመጣል። ሳይሳካ ሲቀር ምን ይመለሳል? ተማሪው ቀድሞ ተመዝግቧል፤ ቦታው ሞልቷል፤ ቁጥሩ ትክክል አይደለም፤ ሰርቨሩ ተበላሽቷል። እነዚህ አራቱ የተለያዩ መልሶች ናቸው። ባክ ኤንዱ አራቱንም «ስህተት» ብሎ ከመለሳቸው ፍሮንት ኤንዱ ለተማሪው የሚነግረው ነገር የለውም።

በመጨረሻም፣ ማን ምን ማየት ይችላል? የተመዝጋቢዎችን ስልክ ማየት ያለበት አስተባባሪው ብቻ ከሆነ ቁጥሩ ከሰርቨሩ ጭራሹን መውጣት የለበትም። ወጥቶ ስክሪኑ ላይ ቢደበቅ ተደበቀ አይባልም። በተለይ የእህቶቻችን ስልክ ቁጥር እንዲህ ባለ ቸልተኝነት ሰው እጅ ሲገባ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ይህ ወረቀት ካለ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ፍሮንት ኤንዱ በወረቀቱ መሠረት የናሙና መልስ አዘጋጅቶ ገጹን ይሠራል፤ ባክ ኤንዱም ገጹ ሳይደርስ እንደ ፖስትማን ባለ መሣሪያ ሥራውን ይፈትሻል። የሚገናኙበት ቀን ግን ከማስረከቢያው ሌሊት ላይ አይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ስም ብቻ ልኮ መመዝገብ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞከር። ያቺ ቀጭን ክር ካለፈች ቀሪው ይከተላል።

«ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለውን ጭቅጭቅም የሚያበርድ መንገድ አለ። ሰርቨሩ መልስ ሲሰጥ ቁጥር አብሮ ይልካል። በ200ዎቹ የሚጀምረው «ተሳክቷል» ማለት ነው። በ400ዎቹ ያለው «የላክኸው ጥያቄ ላይ ችግር አለ» ይላል፤ 401 ማንነትህን አላረጋገጥህም፣ 404 የጠየቅኸው የለም። በ500ዎቹ ያለው «ችግሩ እኔ ጋ ነው» የሚል የሰርቨሩ ቃል ነው። ስለዚህ «አይሠራም» ብሎ ከመጮህ ቁጥሩን፣ የተላከውን ጥያቄና ሰዓቱን ጽፎ መላክ ይሻላል። እርግጥ ቁጥሩ እውነት እንዲናገር ባክ ኤንዱ በትክክል ሊጠቀምበት ይገባል፤ ሥራው ወድቆ 200 የሚመልስ ሰርቨር ጓደኛውን ያሳስታል።

ብዙ ግሩፕ ያጣላ አንድ ችግር ስሙን እንጥራው፤ ኮርስ ይባላል። ባክ ኤንዱ በፖስትማን ሲሞክር ይሠራል፤ ፍሮንት ኤንዱ በብራውዘር ሲሞክር ይከለከላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ብራውዘር አንድ ገጽ ከራሱ ውጭ ካለ አድራሻ መልስ እንዲያነብ የሚፈቅደው ያኛው ሰርቨር ፈቃዱን ከገለጸ ብቻ ነው፤ ፖስትማን ግን ብራውዘር ስላልሆነ ይህን አይጠይቅም። ችግሩ የሚታየው ፊት ላይ ነው፤ መፍትሔው ግን ጀርባ ላይ ነው። የታየበት ቦታና የተፈጠረበት ቦታ አንድ እንዳልሆነ ያወቀ ሰው ወንድሙን ለመውቀስ አይቸኩልም።

መከባበሩ በተግባር

የመዲናው መስጂድ ሲሠራ የነበረውን በሲራ የተማርን እናውቀዋለን። ነቢያችን ﷺ ራሳቸው ከሰሐቦቻቸው ጋር ጡብ ተሸክመዋል። ከየማማ የመጣው ጠልቅ ኢብን ዐሊይ ጭቃ በማቡካት የተካነ ነበርና ጭቃው ለእርሱ እንዲተውለት አደረጉ። ጡብ ተሸካሚው ይታያል፤ ጭቃው ግን ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ጭቃ ማቡካት ዝቅ ያለ ሥራ ተብሎ አልተናቀም፤ የሚያውቀው ሰው ተፈልጎ ተሰጠው እንጂ። ሥራ ስንከፋፈል «ማን ይበልጣል?» ሳይሆን «ማን ይችለዋል?» ብለን እንድንጠይቅ ይህ ይበቃናል።

በግሩፖቻችን ውስጥ ይህ የሚጓደለው በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው በእህቶቻችን ላይ የሚደርሰው ነው። ግሩፕ ሲመሠረት «አንቺ ዲዛይኑን አሳምሪ፣ እኛ ዋናውን እንሠራለን» ይባላሉ። እዚህ ውስጥ ሁለት ስህተት አለ። ፍሮንት ኤንድን «ማሳመር» ማለት አንድ፤ የእህትን ችሎታ ሳይጠይቁ መመደብ ሁለት። ዳታቤዝ የምትወድ እህት ዳታቤዙን ትያዝ፤ ፍሮንት ኤንድ የሚወድ ወንድምም ሳያፍር ይያዝ። እህቶችም ብትሆኑ ያልመረጣችሁት ድርሻ ሲሰጣችሁ «እኔ ይህን እችላለሁ» በሉ፤ ለመናገር የግሩፕ መሪ መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛው የማይታየውን ሥራ መርሳት ነው። በዲፌንስ ቀን ፕሮጀክተሩ ላይ የሚታየው ገጹ ነው። መምህራኑ «ጎበዝ» የሚሉት ገጹን አይተው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ያቀረበው ሰው «ይህ ቁልፍ ሲነካ እንዳይደገም የሠራው ወንድማችን ነው» ቢል ከእርሱ የሚጎድል ነገር የለም። ባክ ኤንዱም «ይህን ሰው ያለ አስተማሪ ሊጠቀምበት የቻለው በእህታችን ሥራ ነው» ይበል። ባልሠሩት መመስገንን ዝም ብሎ መቀበል አማናን መብላት ነው።

ሦስተኛው የአነጋገር ነው። «ኮድህ ቆሻሻ ነው» እና «ይህ ጥያቄ ሁለቴ ሲላክ ሁለት ምዝገባ ይፈጥራል፤ አብረን እንየው» ስለ አንድ ችግር የተነገሩ ሁለት ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ሰውየውን ይመታል፤ ሁለተኛው ችግሩን። ኮድ በጊትሀብ ሲገመገም የሚጻፈው አስተያየት ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላም ይነበባል። ፊት ለፊት የማንናገረውን እዚያም አንጻፍ።

«እኔ ሁለቱንም እችላለሁ፤ ፉል ስታክ ነኝ» የሚሉ ተማሪዎች አሉ። ማሻአላህ፣ ሁለቱን ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የጓደኛን ድካም ያሳውቃል። በትንሽ ግሩፕ ውስጥ ሥራውን በፊትና በጀርባ ከመክፈል በአገልግሎት መክፈልም ይቻላል። አንዱ ምዝገባውን ከፊት እስከ ጀርባ፣ ሌላው ሪፖርቱን ከፊት እስከ ጀርባ ይይዛል። ይህ ሁሉም ሁሉንም እንዲማር ያደርጋል። ነገር ግን እዚህም ቢሆን ስምምነቱ መጻፍ አለበት፤ ሁለት ሰው እስካለ ድረስ መስኮት አለ። ሁለቱንም የሚችል ሰው ደግሞ ሁለቱንም ብቻውን ልያዝ ሲል ጓደኞቹ ሳይማሩ ይመረቃሉ፤ እርሱም ሲታመም ሥራው ይቆማል።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ

ግሩፕ የመሠረታችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት አንድ ሰዓት ተቀመጡና ያቺን አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። ምን ይላካል፣ ሲሳካ ምን ይመለሳል፣ ሳይሳካ ምን ይመለሳል፣ ማን ምን ያያል። ስም፣ ስልክ፣ ቀን እና ኔትወርክ የሚሉትን አራት ነገሮች ከጎኑ አስቀምጣችሁ በየተራ ተወያዩባቸው። ከዚያ ለአንድ ቀን ሥራ ተለዋወጡ። ፍሮንት ኤንድ የያዘው ከዳታቤዙ አንድ ነገር ይሞክር፤ ባክ ኤንድ የያዘው አንዱን ፎርም በትንሽ ስልክ ስክሪን ላይ ይሥራ። ያ አንድ ቀን ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ኮድ የማትጽፉ ወገኖቻችንም ድርሻ አላችሁ። በአፕ ላይ ስህተት ስታዩ «አይረባም» ብላችሁ ከማለፍ ምን ስትነኩ ምን እንደሆነ ንገሯቸው። የእናንተ ትክክለኛ ገለጻ ሁለት ባለሙያዎችን ከጭቅጭቅ ያድናል።

አልዩ አምባ ላይ *127# የደወሉት እናት ፍሮንት ኤንድም ባክ ኤንድም የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት ልጃቸው የላከው ብር መድረሱን ነው። ሥራችንን ለሁለት የከፈልነው ለእኛ ምቾት ነው፤ እሳቸው የሰጡን አደራ ግን አልተከፈለም።

አላህ የምንማረውን የሚጠቅም ዕውቀት ያድርግልን፤ በመካከላችንም መዋደድን ይጨምርልን። ወቢላሂ ተውፊቅ።